የአይጥ ልብና ሰባት ቤት

ታላቋ ልጄ ውጭ አገር ለትምህርት ሄዳ ሥራዋ አይጥ መቀለብ መሆኑን ስሰማ አፈርሁ። እኔ ቡሬ ዳር በቆሎዬን ከአይጥ ሳድን ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። ከአንድ ለአምስት ስብሰባ ስንወጣ ጎረቤቴ፣ «ልጅህ ዶክተር ልትሆን ነው ሲሉኝ ለሰው መስሎኝ! በል፣ የእኔንም ጎተራ መጥታ ታክምልኝ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ለጥምቀት ስትመጣ አስቀምጬ ጠየቅኋት።

«አባዬ፣ ከአይጦቹ ዘር አንዲት ነገር እንቀይርና እናራባቸዋለን» አለችኝ። «የተቀየሩትንም ያልተቀየሩትንም እኩል እንቀልባለን። የተቀየሩት ያንኑ እህል በልተው ይሰባሉ፤ ደማቸው ውስጥ ስኳር ይበዛል፤ ልባቸው ይወፍራል። ልጆቻቸውም እንደዚያው።»

አባቴና ወንድሜ ትዝ አሉኝ። አባቴ እርፍ እንደጨበጠ ነው ወድቆ የቀረው። ታላቅ ወንድሜ አውድማ ላይ። ሁለቱም ገላቸው የከበደ ነበር። አገሩ አንዱን ቡዳ በላው፣ ሌላውን ሆዱ ገደለው ብሎ ቀበራቸው።

«ይህ የእኛው ነገር አይደለም ወይ?» አልኋት።

«ሊሆን ይችላል። ግን አይጥ ሰው አይደለም፤ ሳይመረመር አይታወቅም። እርስዎም እህቴም ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄዳችሁ ልባችሁን ታዩ።»

ልጄ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። እኛ ሆስፒታል ሳንሄድ ለታናሿ ሽማግሌ መጣ። ጠያቂው ፍኖተ ሰላም የሚያስተምር ጨዋ ልጅ ነው፤ እሷም ወድዳዋለች። ሽማግሌዎቹ በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ዝምድና አልተገኘም። ፊታቸው ፈካ።

ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ፣ «መቼም ደንብ ነውና አይቀየሙን፤ ከዘር የሚወርድ በሽታስ?» አሉ።

ይህ ጥያቄ የቁምጥና ጥያቄ ነው። መልሱም ከጥንት የታወቀ ነው፤ «የለም፣ ምስጋና ይግባው» ተብሎ ጠላ ይቀዳል። እኔ ግን ፊደልን ብቻዬን የቆጠርሁት እውነትን ላውቅበት እንጂ ልደብቅበት አልነበረም።

«ቁምጥና የለም። የልብ በሽታ ግን ሳይኖርብን አይቀርም» አልሁና የአባቴን፣ የወንድሜን፣ የአይጦቹንም ነገር ነገርኋቸው።

«አይጥ ከዚህ ምን አገባው?» አሉ አንደኛው። አስረዳሁ። ባስረዳሁ ቁጥር እርስ በርስ ተያዩ።

ትልቁ ተነሡ። «እውነት ተናግረዋል፤ እግዜር ይስጥልን። ለላኩን እናደርሳለን።»

ጠላው ሳይጋመስ ወጡ። ሚስቴ ከጓዳ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የጠየቁህ እኮ ለወጉ ነው! ማን ልቡን ገልጦ አሳይቶ ነው ልጅ የዳረ?» እያለች ጮኸች።

ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። ታናሿን ይዤ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። ሐኪሙ ሁለታችንንም በመሣሪያ አየን፤ ደማችንንም አስመረመረ። «የእሷ ልብ ደህና ነው» አለ። «የወፈረው የእርስዎ ነው፤ ስኳርም አለብዎት። መድኃኒት ይጀምሩ።»

ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ፣ «ለልጁ ቤተሰብ ሰው ልላክ» አልኋት።

«ምን ብለው አባዬ? አይጧ ድናለች ብለው?»

ባጃጅ ውስጥ ፊቷን ወደ ውጭ እንዳዞረች መናኸሪያ ደረስን።

ሰው ላክሁ። መልስ አልመጣም። በዓመቱ አስተማሪው ከሌላ ቤት አገባ። የዚያችን ሙሽራ አያት ከቀበሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ ሰውዬው እንደ ወንድሜ አውድማ ላይ በድንገት ነው የወደቀው። ሽማግሌ በሄደ ጊዜ ግን ቤተሰቡ «የለም፣ ምስጋና ይግባው» ብሏል፤ ጠላውም ተጠጥቷል።

ዛሬም ብጠየቅ መልሴ ያው ነው። ልጁን በውሸት የዳረ አባት ሰርቆ ከሸጠ አይሻልም። ግን የሚጠይቀኝ የለም፤ ከዚያ ወዲህ ደጄ ላይ ሽማግሌ አልቆመም። ታናሿ ልጄ በየማለዳው ለልቤ የታዘዘውን መድኃኒት ከውሃ ጋር ታቀርብልኛለች፤ እስክውጠው ትቆማለች፤ ከዚያ ብርጭቆውን ተቀብላኝ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች።