የእህቴ ጉልበትና መድኃኒት የሌለው መርፌ

ታላቅ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሰገደችበትን ቀን አላስታውስም፤ አየሁ የምለው ምናልባት እርሷ የነገረችኝን ይሆናል። እርግጠኛ የምሆነው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። መካነ ሰላም ካለው ቤቷ ደጃፍ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ከወገቧ ብቻ ዝቅ ብላ ቀና ስትል አያት ነበር። ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏታል። ለታመመ ሰው እንዲህ መስገድ የተፈቀደ መሆኑን ሼኹ ደጋግመው ነግረዋታል።

«መፈቀዱንማ ዐውቃለሁ» ትላለች፤ «እኔ ግን መሬቱ ናፈቀኝ።»

እናታችን ቀድማ በመሞቷ ያሳደገችኝ እርሷ ናት። ደሴ ላይ በኮሌጅ የምርምር ዘዴ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ ወደ መካነ ሰላም የተመለስኩትም ስለ እርሷ ነው። ጊዜው የቀድሞው ገዥ ግንባር ዘመን ወደ ማብቂያው የተቃረበበት ነበር። በዚያን ሰሞን ቻይና ተምራ የመጣች አንዲት ወጣት ሐኪም ወደ ከተማችን ተመደበች። ከዘመናዊው ሕክምና ጋር አኩፓንክቸር የሚባለውን፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎችን በሰውነት ላይ በተመረጡ ስፍራዎች እየተከሉ ሕመም የማስታገስ ሙያ ተምራለች። ጉልበታቸውን በሚያማቸው አረጋውያን ላይ ትንሽ ጥናት ለማድረግ አሰበችና ውጤቱ እንዴት እንደሚለካ እንዳማክራት ጠየቀችኝ።

ያገኘኋቸውን ጽሑፎች አነበብኩ። እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንዳንዶቹ ሥር ለሰደደ ሕመም ይረዳል ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ መርፌው በትክክለኛው ስፍራ የተተከለለትና ለማስመሰል ብቻ የተነካው ሕመምተኛ እምብዛም አይለያዩም ይላሉ። ለእህቴም ይህንኑ፣ ማለትም ይጠቅማልም አይጠቅምምም ለማለት እንደማልደፍር ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ ሐኪሟ የምትቀበለው በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ጎረቤቷ፣ ከከላላ ተድራ የመጣች ባልቴት፣ ወሬው ሲደርሳት በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«መድኃኒት የለበትም አሉ እኮ! ባዶ መርፌ ልትወጊ ነው?»

«ባዶ ከሆነ ምን አስፈራሽ? ነይ አብረን እንወጋ።»

«እኔስ ጉልበቴ ደህና ነው። ይልቅ ለምላሴ ካለ ጠይቂልኝ።»

«ለእርሱማ ቻይናም መላ የላት!»

ችግሩ ግን ከመርፌው ሳይሆን ከጥያቄው መጣ። ሐኪሟ እንደ ደንቡ ሕመሙን በቁጥር ትጠይቃለች።

«እማማ፣ ምንም የማያምዎት ከሆነ ዜሮ፣ ከዚህ በላይ ሕመም የለም የሚያሰኝ ከሆነ ደግሞ አሥር ብለን ብንይዝ፣ ዛሬ ስንት ላይ ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እሺ፣ ግን ከአሥሩ ስንቱ?»

«አሥሩም አልሐምዱሊላህ ነው፣ ልጄ።»

የአገራችን ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ስለ ጤናው ሲጠየቅ አስቀድሞ ያመሰግናል። ሊረዳው በደከመ ሰው ፊት «አልተሻለኝም» ማለትማ ጭራሽ ነውር ነው። በዚህም ምክንያት ተጠያቂዎቹ ሁሉ ተሽሏቸው ተገኙ፤ አንዲት ሴት እንዲያውም መርፌው ሳይጀመርላት ተሽሏት ነበር። ሐኪሟ በሣቅና በጭንቀት መካከል ሆና ስታየኝ፣ መጠየቁን ትተን ከመሬት ሲቀመጡና ሲነሡ እንድናይ ሐሳብ አቀረብኩ። እህቴ ይህን ስትሰማ «እንግዲያው እኔን ሱጁድ ላይ፣ ግንባሬን መሬት ሳስነካ እዩኝ» አለች።

መርፌው ሳምንታት ፈጀ። የታመመው ቀኝ ጉልበቷ ነበር ብዬ አሁን ስጽፍ፣ ግራው እንዳይሆን እሠጋለሁ። አንድ ቀን ግን ዐስር ለሚባለው የከሰዓት በኋላ ሰላት በርጩማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ቆመች። አንድ እጇን መሬት ላይ አስደግፋ፣ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ከዚያም ግንባሯ መስገጃውን ነካ። እዚያው ቆየች። ከሚገባው በላይ ቆየች መሰለኝ፤ ወይም የኔ ትንፋሽ ነው የረዘመው። ግድግዳውን ይዛ ስትነሣ ፊቷ ርሷል።

መርፌው ይሆን የሠራው? ወቅቱ በጋ ነበር፤ ብርዱ ቀልሏል። ወደ ሕክምናው መመላለሱም እግሯን አፍታቶላት ይሆናል። እጇን ይዞ «እማማ» የሚላት ሰው ማግኘቷም ቀላል ነገር አይደለም። እነዚህን ለይቶ ለማወቅ ብዙ ሰውና ረዥም ጊዜ ያስፈልግ ነበር። ጥናቱ ሳያልቅ ሐኪሟ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፤ በእርሷ ቦታም መርፌ የሚያውቅ አልመጣም።

ክረምቱ ሲገባ ጉልበቷ ተመልሶ ደረቀ። እርሷ አልነገረችኝም፤ ወርዳ መነሣት ሲያቅታት አየሁ። ወደ በርጩማው ግን አልተመለሰችም። ሰላቷን እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ትጨርስና ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች።

«ና እንጂ፣ አንሳኝ! ያን ሁሉ ያስተማሩህ ለዚህ ነው።»

«እትዬ፣ በርጩማው አይሻልሽም?»

«አንተ ተቀመጥበትና ጠብቀኝ።»

እኔም በርጩማው ላይ ተቀምጬ እጠብቃት ጀመር። ስትጨርስ ከኋላዋ ሆኜ በብብቷ ሥር እጆቼን አሳልፌ አነሣታለሁ። «ቀስ! የጤፍ ጆንያ አደረግኸኝ እንዴ?» ትለኛለች። ወገቤን ያመኝ ነበር፤ ለእርሷ ግን አልነገርኳትም። ከጊዜ በኋላ ሰዓቱ ሲቃረብ ሳትጠራኝ እሄድ ነበር፤ ዝናብ ሲጥልም ነጠላዬን ተከናንቤ።

እህቴ ከሞተች ቆይቷል። ስንት ክረምት እንዳነሣኋት በትክክል አላውቅም፤ ሁለት ይመስለኛል፣ ጎረቤቷ ሦስት ነው ትላለች። መልኳም አንዳንድ ጊዜ ከእናታችን መልክ ጋር ይቀላቀልብኛል። ክብደቷን ግን አልረሳሁም። የዐስርን ሰላት ሰግጄ ስጨርስ ከመስገጃዬ ተነሥቼ እጆቼን ዘርግቼ ጥቂት እቆማለሁ። የሚጠራኝ እንደሌለ ዐውቃለሁ፤ እጆቼ ግን ወዲያው አይወርዱም።