አራት ጣት

ትናንት ወልቂጤ መናኸሪያ በር ላይ አንድ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ጎማው እየተሽከረከረ በከንቱ ሲጮህ ሰማሁና ቆምኩ። ያን ጩኸት የማውቀው ከዝዋይ ሐይቅ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቡታጅራ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይደው አባቴ፣ ለአንድ ዓሣ ነጋዴ ሀጂ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ጀልባ ሠራ። ሞተሩ ከኋላ የሚታሰርበትን ከፍታ ለክቼ በጠመኔ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ለኳስ ቸኩዬ ስለነበር ሜትሩን ደግሜ አላየሁትም።

ሐይቁ ላይ ሞተሩ አጓራ፤ ጀልባዋ ግን ፈቀቅ አላለችም።

«ጀልባ ነው ወይስ ወፍጮ ያመጣህልኝ?» አሉ ሀጂ። ዳር የቆሙት ዓሣ አጥማጆች ሳቁ። ሀጂ ሞተሩን አስጠፍተው፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከሥሩ ሰደዱ። «የሞተሩ ክንፍ ውሃውን ትቶ አየር ነው የሚበላው። አራት ጣት ዝቅ ይበል። ማነው የለካው?»

ጆሮዬ ጋለ።

«እኔ ነኝ፣ ሀጂ» አለ አባቴ።

«ወላሂ፣ ብረት ታውቃለህ፤ ውሃ አታውቅም። አስተካክለህ አምጣት፤ መውሰድ አለመውሰዴን ያኔ አያለሁ።»

ጀልባዋን በጭነት መኪና ልከን በሚኒባስ ስንመለስ፣ መንገድ ላይ እስካለችው እንሴኖ ድረስ የአባቴን ቁጣ ጠበቅኩ። አባቴ ራሱን ሚኒባሱ መስኮት ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ተኝቶ ይሁን እኔን ላለማየት፣ ዛሬም አላውቅም። ባለፈው እሑድም ልጠይቀው ሄጄ፣ ስለ ዝናብ ብቻ አውርተን ተመለስኩ።