የተወለወሉ አርማዎች

እስር ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ባልዲውን ነው። ክዳን አልነበረውም። ከጎኑ አንድ ሽማግሌ ኬንያዊ ጫማውን ተንተርሶ ተኝቷል።

ፖሊሶች የያዙኝ ጠዋት፣ ናይሮቢ ሳውዝ ሲ ካለው ቤቴ ነው። በስደተኞች ስብሰባ ላይ ያገሬን መንግሥት ነቅፌ ነበርና ወረቀት ሊፈልጉ መጡ። ያገኙት ግን የብስኩት ቆርቆሮዬን ነው። በውስጡ በዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ምሽግ ውስጥ ሆነው ከሳንቲምና ከመለዮ አርማ የሠሯቸው ጌጦች ነበሩ፤ ከሽልንግ የተቀጠቀጠ ቀለበት፣ አርማ የተበየደበት የደረት ጌጥ፣ ከጥይት ቀለህ የተሠራ ላይተር። ለዓመታት አንድ በአንድ የለቀምኳቸው ናቸው።

ጥፋቴን ልናገር። የዚህ ዕቃ ሰብሳቢ የብረቱን ጥቁረት አይነካም፤ ዕድሜው የሚታወቀው በእሱ ነው። እኔ ፊደል የለየሁት በራሴ ነው፣ ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ይህንን የሚነግረኝም አልነበረም። ቆሻሻ አልወድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼን አስቀምጬ ጌጦቹን በአመድና በሎሚ አስወለውላቸው ነበር፤ ሥራ መፍታት ልጅ ያበላሻል ብዬ።

«ይሄ ትናንት የተሠራ ነው» አለ መርማሪው፣ የሚያብረቀርቀውን አርማ እያገላበጠ። «የየትኛው ጦር ነው?»

ከማን እንደገዛሁ ሲጠይቀኝ፣ ቀለበቱን የሸጠልኝን የጎረቤቴን ስም ጠራሁ። እሱም ያገሬ ሰው፣ የቀድሞ ወታደር ነበር። ስሙን መጥራት አልነበረብኝም።

በማግስቱ መርማሪው ወረቀት አመጣ። ጎረቤቴ ለሽምቅ ውጊያ ሰው ይመለምላል፣ አርማዎቹንም የሰጠኝ ለዚሁ ነው ይላል። ከፈረምኩ እሱን በሞያሌ ድንበር በኩል ላገራችን መንግሥት አሳልፈው እንደሚሰጡት ገባኝ።

«ምዜ፣ ፈርምና ለምሳ ቤትህ ግባ» አለኝ፤ ምዜ በስዋሂሊ አባት እንደ ማለት ነው። እስክሪብቶውን ትቶልኝ ወጣ።

ሽማግሌው የታሰረው በተቃዋሚዎች ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ነው። ታሪኬን በስዋሂሊ ስነግረው ሳቀብኝ።

«እኔ በመጮህ ታሰርኩ፣ አንተ ደግሞ በማጠብ!»

ከዚያ ወረቀቱን አነበበ።

«ጎረቤትህ ልጆች አሉት?»

«ሦስት።»

«አንተስ?»

«አራት።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የስሜን ግማሽ ጻፍኩ። ልጆቼን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት፤ ሰበብ ግን አይሆንም። ከዚያ የጎረቤቴ ሦስቱ ልጆች ትዝ አሉኝ። የጻፍኩትን ሰርዤ ከሥሩ «የወለወልኩት እኔ ነኝ። ዕቃው አሮጌ ነው። ጎረቤቴ ምንም አላደረገም» ብዬ በስዋሂሊ ጻፍኩ። ሽማግሌው የተሳሳትኩትን ፊደል አረመልኝ። መርማሪው አንብቦ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ሁለት ሳምንት ጨመሩብኝ።

ስፈታ ጎረቤቴ ወተት ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት። የወተቱን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ግማሹን ብቻ ነው ጋሼ?»

«ግማሹን።»

«እንግዲያው ወተቱ ሳይቀዘቅዝ ይጠጡ።»

ዛሬ ልጆቼ በእንግዳ ፊት «አባባ አልፈርምም አሉ» ብለው ሲያወሩ አቋርጣቸዋለሁ። ልጅ አባቱን እያሞገሰም ውሸት ይለምዳል። መጀመሪያ ስለ ግማሹ ስም ተናገሩ፣ መሰረዙ ከዚያ ይመጣል እላቸዋለሁ። ጎረቤቴ ያንን ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ስንጨባበጥ ግን ዓይኑን ቀድሜ የምሸሸው እኔ ነኝ።