ለወገዳ የተላከ መነጽር

ሃያ ዓመት ያህል በዘጋቢነት ብዙ አገር ዞሬያለሁ። አሁን ስለ ጉዞ ስጠየቅ ቀድሞ የሚታወሰኝ የአየር ማረፊያ ሰልፍ ነው፤ ጫማ ማውለቅ፣ ቀበቶ መፍታት፣ ፓስፖርት ማሳየት። ከተሞቹ ተደበላልቀውብኛል። ያልተደበላለቀብኝ ነገር፣ ሰው በየአገሩ ሞትን እንዴት እንደሚናገር ነው።

በአንድ የሰሜን አውሮፓ ከተማ ለሥልጠና ሄጄ ሳለ ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባ ስልክ አነሳ። ጥቂት አዳመጠና "አባቴ አረፈ" አለን። የጀመረውን ዜና ጨርሶ ላከ፤ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። እኔ ብቻ ብድግ አልኩና የምሆነውን አጥቼ መልሼ ተቀመጥኩ። በእኛ አገር፣ በጋይንትም በስማዳም፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል፤ በግራ በቀኝ የሚደግፍ ሰው ሳይቆም ቃሉ ከአፍ አይወጣም።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ቤሩት ልሄድ ስዘጋጅ ስማዳ ወዳለችው የትውልድ ከተማዬ ወገዳ እናቴን ልሰናበት ወረድኩ። ጎረቤታችን የነበሩት ሴት በክረምቱ አርፈዋል። አንዲቱ ልጃቸው ቤሩት በሰው ቤት ትሠራለች። መሄዴን የሰሙት አጎቷ በሶ በከረጢት ይዘው መጡ።

"ይህን ስጣት። እናትሽ የላከችው ነው በላት።"

"እናቷ የሉም እኮ፣ ጋሼ።"

"እሱንማ አውቃለሁ፤ እኔው ቀብሬያታለሁ! ስትደውል 'ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም' እያልን ይዘናታል። በሰው አገር ብቻዋን ትስማው? ለፋሲካ ስትመጣ ተሰብስበን እናረዳታለን።"

"ያልሆነውን ሆነ አልልም።"

"ወሬ ሸጠህ የምትበላ ሰውዬ፣ አንዲት ወሬ መዋጥ አቃተህ?" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። በሶውን ተቀበልኩ።

ልጅቱን ያገኘኋት በዕረፍቷ ቀን፣ እሑድ፣ ባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። የአገሩ ሰው በቤተሰብ እየሆነ ይንሸራሸራል። የእኛ ሴቶች ጂንስ ላይ ነጠላ ደርበው ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳሉ። ከረጢቱን ፈታ ቆንጥራ ቀመሰች።

"ማን ነው የቆላው?"

"ከቤታችሁ ነው የመጣው።" ቃሉ እውነት ነበር።

"እማዬ ከጠበል አልተመለሰችም?"

"ወገዳ በነበርኩ ጊዜ አላገኘኋቸውም።" ይኼም እውነት ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ከውሸት ስሸሽ ኖሬ፣ እውነት በመናገርም ሰው እንዲህ እንደሚታለል ያን ቀን አየሁ።

ከቦርሳዋ የመነጽር ማህደር አወጣች። "ምስር ስትለቅም ጠጠሩ ያመልጣታል። አክስቶቼ 'እሷ ቤት የሚበላ ጥርሱን ቤቱ ትቶ ይምጣ' እያሉ ይስቁባታል። እርስዎ ራስዎ ያድርጉላት። ጆሮዋን ከያዛት ይንገሩኝ፣ አስቀይረዋለሁ።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ያ መነጽር በሦስት አየር ማረፊያ ፍተሻ አለፈ። ሻንጣ ውስጥ እንዳይሰበር ከንፋስ መውጫ ጀምሮ ባለው መንገድ በእጄ ይዤው ወገዳ ገባሁ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ማህደሩን ከፍቼ አያለሁ፤ ለማን እንደምጠብቀው ግን አላውቅም።

እሑድ ረፋድ አጎቷ ቤት ሄጄ ሰጠኋቸው። አገላበጡት፤ ዓይናቸው ላይ ሞከሩትና አወለቁት። ወዲያው ስልካቸው ጠራ።

"እሷ ናት። በል አንተው አንሳው። ይኼ የጠበል ወሬ እኔንም ታክቶኛል።"

አነሳሁትና ሰላም አልኳት፤ በድምፄ ለየችኝ።

"ደረሱ? መነጽሩ ሆናት?"

"ሆናቸው" ብል ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ውሸት ሁሉ ምስክሩ እኔ ነኝ። እንደዚያ አውሮፓዊ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዳልጨርሰው ደግሞ የስማዳ ልጅ ነኝ። በጣም ደክሞኝ ነበር።

"ከአጠገብሽ ማን አለ?" አልኳት።

የእኛ አገር ሰው ይህ ጥያቄ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። አጎቷ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ሊቀሙኝ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዬን ያዙ።

"ብቻዬን ነኝ" አለች። ድምጿ ተለውጧል። "ታች ፎቅ ያገራችን ልጆች፣ የእስቴ ልጆች አሉ። ልጥራቸው?"

"ጥሪያቸው። እንጠብቅሻለን።"

ስልኩን አልዘጋችውም። ደረጃ ስትወርድ፣ በር ስታንኳኳ ይሰማኛል። አጎቷ በበኩላቸው ወደ ደጅ ወጥተው ጎረቤት መጥራት ጀመሩ።