የኔታ እስኪፈቱኝ
ከስማዳ የቅኔ ቤት ወጥቼ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አስኳላ ስገባ፣ የኔታ አልረገሙኝም፤ አልመረቁኝምም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉና ፊታቸውን ወደ ሌሎቹ ተማሪዎች መለሱ። የፈረንጅ ቋንቋ ለማዘዝ እንጂ ለመጸለይ አልተፈጠረም ይሉ ነበር። በዚያ በጃንሆይ ዘመን፣ በእኛ አገር፣ መምህሩ መርቆ ያልፈታው ተማሪ ዕውቀቱ አይባረክለትም ይባላል። እኔም አምን ነበር፤ ዛሬም ሳላምን አልቀርም።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ከህንድ አገር የመጣ ቀጭን መምህር ነበር። አንድ ቀን ክፍት ቦታ ያላቸው ዓረፍተ ነገሮች ጻፈና ‹ካን›፣ ‹ሜይ›፣ ‹ሹድ› እና ‹መስት› ከሚሉት እየመረጥን እንድንሞላ አዘዘን። ‹መስት› ግድ የሚለው ጠንካራው ቃል መሆኑን ስለሰማን ሁሉንም በእሱ ሞላነው። ልጁ አባቱን ውሃ ሲለምን በ‹መስት›፣ እንግዳው ልግባ ወይ ሲል በ‹መስት›፤ ክፍሉ በሙሉ ጭቃ ሹም ሆነ። መምህሩ እየሳቀ ለሚለምን ‹ሜይ›፣ ለሚመክር ‹ሹድ› እንደሚሻል አስረዳን።

ቀጥሎ «ጎድ ሄልፕ ሂም» ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ተንጫጫ፤ መጨረሻ ላይ ‹ኤስ› የምትባለውን ፊደል የረሳት መስሎን ነበር። እሱ ግን ሆን ብሎ ነው የተዋት። ‹ኤስ› ካለች እግዜር ይረዳዋል ማለት ነው፣ ወሬ ነው፤ ከሌለች ይርዳው ነው፣ ልመና ነው። የኔታ ዘንድ ስንት ዓመት «ይቀትል ይገድላል፣ ይቅትል ይግደል» እያልሁ ያነበነብሁት ነገር ባሕር ማዶ ቀድሞ ሲጠብቀኝ ኖሯል። ከእኛ ወዲያ ላሳር የምንለው የቅኔ ቤት ልጆች ይህን የሚለይ ግእዝና አማርኛ ብቻ ይመስለን ነበር። ያን ቀን እህል ከአፌ አልገባም።

ከትንሣኤ በኋላ ለትምህርት ወደ ደብረ ታቦር ልሻገር ነበርና፣ ሳይፈቱኝ መሄድ ፈራሁ። ስማዳ ወርጄ የኔታን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወይራ ሥር አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ቆምሁ። ምን ተማርህ ሲሉኝ ይህንኑ ነገርኋቸው።

«እስኪ በነሱ ቋንቋ እግዚአብሔር ይርዳው በል።»

አልሁ። ደግመው አስባሉኝ። ያች ፊደል የለችም ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ የለችም አልኋቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እንግዲያ እነሱም የጎደላቸው ነገር አለ» አሉ ቀስ ብለው። «የጎደለው ነው የሚለምን።»

«የኔታ፣ ይፍቱኝ» አልሁ።

እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «እግዚአብሔር ይፍታህ። ሂድ ብዬ አላዝህም፤ ይቅናህ ነው የምልህ።»

ልሂድ ብዬ ልፈታ መጥቼ፣ ሲፈቱኝ እግሬ እንቢ አለኝ።