ስለ ቅቤው የተጠየቀች እናት

ዓይናዲስ ልጇ ፋና በታመመች ጊዜ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልጠየቀችም ነበር። ያ ጥያቄ የመጣባት ከዓመት በኋላ፣ በነጭ መኪና ተጭኖ ነው።

ከዚያ በፊት የነበራት ሐሳብ አንድ ብቻ፣ ልጅቱን በሕይወት ማቆየት ነበር። ፋና ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ውኃ አልበቃት አለ። ጠዋት የተቀዳውን እንስራ ከቀትር በፊት ታጋምሰዋለች፤ ሌሊት መኝታዋን ታረጥባለች፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እየበላች መክሳቷ ነበር። እኩዮቿ «ሽንታሟ» ብለው ስም አወጡላት። አንድ ቀን ራሷን ስታ ወደቀች፤ በቃሬዛና በመኪና ላሊበላ ሆስፒታል ደረሰች። ሐኪሙ በሽታው የስኳር በሽታ መሆኑን፣ ቆሽቷ ኢንሱሊን ማመንጨት በማቆሙም ዕድሜዋን ሙሉ ጠዋትና ማታ መርፌ እንደሚያስፈልጋት አስረዳ።

ወሬው ከኩልመስክ በላይ ባለው መንደራቸው ሲዳረስ የመጀመሪያው ምላሽ ሳቅ ነበር።

«ኧረ ስኳሩን የት አግኝታው ነው?» አለች ጎረቤቷ ሙሉዬ፣ ምንጭ ላይ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ። «እኛ ቀበሌ ተሰልፈን አንድ ኪሎ የምናጣውን፣ እሷ በየት በኩል ጠግባው ታመመች?»

ዓይናዲስ ሳቁን ቻለችው። መርፌ መውጋት ተማረች። ብልቃጦቹን ፀሐይ እንዳይነካቸው እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ፣ በጓዳው ጨለማ ጥግ ታስቀምጥ ጀመር። ባሏ አዝመራው መድኃኒቱን ከላሊበላ እየተመላለሰ ያመጣል። ልጅቱ ከሳች እንጂ አልሞተችም።

በግቢው ውስጥ ከእነርሱ ሌላ የአዝመራው እናት እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ ደፍተዋል። ከመመንኮሳቸው በፊትም በኋላም የመንደሩ አዋላጅ እሳቸው ነበሩ፤ በዚያ ተረተር ላይ ካለው ሕፃን አብዛኛው የመጀመሪያ እስትንፋሱን የተነፈሰው በእጃቸው ላይ ነው። በእጃቸው ለተወለደ ሁሉ የሚያደርጉትም አንድ ነገር ነበር፤ ጡት ሳይቀምስ በፊት ለጋ ቅቤ በጣታቸው ጠቅለል አድርገው ያስውጡታል። ጉሮሮውን ያለሰልሳል፣ አንጀቱን ያጥባል ይላሉ።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ የጥናት ቡድን መጣ። ሊያውቅ የፈለገው ነገር ቁም ነገር ነበር፤ ስኳር በማይቀመስበት ገጠር ያሉ ቀጫጭን ልጆች ለምን በስኳር በሽታ ይያዛሉ? ለማነጻጸርም ለእያንዳንዱ የታመመ ልጅ ከዚያው መንደር አንድ ጤነኛ እኩያ ይመረጣል። ለፋና የተመረጠው የሙሉዬ ልጅ መልአኩ ነበር። የጥናቱ ደንብ እናት ብቻዋን ትጠየቅ ይል ነበር። ጠያቂዋ፣ ሣራ የምትባል የጤና መኮንን፣ ሙሉዬን እንደ ደንቡ ብቻዋን ጠየቀቻት። እነ ዓይናዲስ ቤት ስትደርስ ግን እማሆይን መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እማሆይ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻችንን ቢተዉን?»

«የልጄን ልጅ ነገር፣ እኔ የማልሰማው ምን ኖሮ ነው ልጄ?»

ሣራ ደክሟታል፤ ቆብ የደፉ አሮጊት ከገዛ ቤታቸው ማስወጣትም ከብዷታል። ተወቻቸው። ትንሽ ጥፋት ይመስላል፤ አልነበረም።

በዘር የታመመ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ኩፍኝ ወጥቶባት ያውቃል ወይ? በሕፃንነቷ የችግር ዘመን አልፎባታል ወይ? ዓይናዲስ ሁሉንም መለሰች። ከዚያ ሣራ ቀጠለች።

«ፋና እንደተወለደች ከጡት በፊት የቀመሰችው ነገር ነበር? ቅቤ? የላም ወተት?»

«ምን ያለ ጥያቄ ነው?» እማሆይ ቀደሟት። «ቅቤ ደግሞ ምን አደረገ?»

«ምክንያቱን እያጣራን ስለሆነ ነው፣ እማሆይ።»

እማሆይ «ምክንያት» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ቅቤውን ያስዋጧት እሳቸው ናቸው። ዓይናዲስ የአራስ ትኩሳት ይዟት በተኛችባቸው ሳምንታትም ሕፃኗን የላም ወተት እያጠጡ ያቆዩአት እሳቸው ናቸው፤ አዝመራው ያን ጊዜ ለአጨዳ ሥራ ቆላ ወርዶ ነበርና፣ ለዚህ ያመሰገነቻቸው ዓይናዲስ ብቻ ናት።

«እሷ ናት የሰጠቻት» አሉ። «ጡቴ አልወርድ አለኝ ብላ። እኔማ ተዪ ብያት ነበር።»

ሣራ ወደ ዓይናዲስ ዞረች። «እውነት ነው?»

ምራት በእንግዳ ፊት፣ ቆብ የደፉትን አማቷን ዋሹ አትልም። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ዓይናዲስ።

ሣራ መልሱን ጻፈች። በዚያች ቅጽበት አንድ ዐረፍተ ነገር ብትጨምር፣ የምንጠይቀው ገና ስላላወቅን ነው እንጂ ጥፋተኛ ስለ ፈለግን አይደለም ብትል፣ የቀረው ሁሉ ባልሆነ ነበር። አላለችም። ሌላ ቤት ይጠብቃት ነበርና አመስግና ወጣች።

መንደሩ ጥያቄውን ወስዶ መልስ አደረገው። ከመኪናው አቧራ በኋላ የቀረው ወሬ፣ ሐኪሞቹ ፋናን ያሳመማት እናቷ ያጠጣቻት ወተትና ያስዋጠቻት ቅቤ መሆኑን ደረሱበት የሚል ነበር። ሙሉዬ ያን ዕለት ጠዋት ለሣራ በገዛ አፏ «ቅቤ ያልዋጠ ሕፃን የት አለና!» ብላ ነበር። በሳምንቱ ግን ለልጇ ከጡት በቀር ምንም አልሰጠሁም ብላ ማለች። ሌሎቹም ተከተሏት። በአንድ ሰሞን አገሩ በሙሉ ቅቤ ያልዋጠ አገር ሆነ። ከዓይናዲስ ልጅ በቀር።

በሐምሌ፣ የአንድ ለአምስት ቡድኑ ሴቶች ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ለመነጋገር ተሰብስበው ሳለ፣ ሰብሳቢዋ ሙሉዬ የዓይናዲስን ሆድ አየችና ፈገግ አለች።

«ደግሞ ልትወልጂ ነው? ለዚህኛውስ ምን አዘጋጀሽለት?»

ሴቶቹ ሳቁ። እማሆይም ከዳር ተቀምጠው ነበር። ለነዚያ ሴቶች ሁሉ ልጆች ቅቤውን ያስዋጠች ጣት እጃቸው ላይ ነበረች።

«አንዷን በወተት አበላሽታለች» አሉ። «ሁለተኛውን እግዜር ይጠብቀው እንጂ እኔ ምን እላለሁ?»

ወንዱ ልጅ ኅዳር ላይ ተወለደ፤ ክርስትና ሲነሣ ወልደ ሩፋኤል ተባለ። ዓይናዲስ የወለደችው ጤና ጣቢያ ነው፤ ቅቤም አልነካው። ልጁ ደልቦ፣ ጉንጩ ሞልቶ ነበር። በጥር መጨረሻ ግን ሁለቱም ጡቶቿ አብጠው ቆሰሉ። እብጠቱ ፈረጠ፤ ቁስሉ ሲድን ወተቷ ደረቀ።

አንድ ማለዳ ማለቢያውን ይዛ ወደ ላሚቱ ሄደች። አዝመራው በረቱ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ለልጁ ጥቂት ላልብለት።»

«ፋናን የሰጠሻትን?»

«ጡቴ ደርቋል፣ አዝመራው። ይርበዋል።»

«አብሽ አለ፤ አጥሚት አለ። ሁለተኛ ገንቦ በጓዳዬ አላስቀምጥም። ሁለተኛ ልጅ በመርፌ አላሳድግም።» ማለቢያውን ከእጇ ወሰደው። «ከእንግዲህ እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ።»

እማሆይ ከደጃፋቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። ፋናን ወተቱን ያጠጣት ማን እንደሆነ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እሳቸው «እኔ ነኝ የሰጠኋት፤ ለአንተም ለወለድኩህ ሰጥቼሃለሁ፤ ይኸው ቆመሃል» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እማሆይ ማለቢያውን ከልጃቸው ተቀበሉና ላሚቱን ለማለብ ተንበረከኩ።

ሁለተኛዋ ዓይናዲስ ናት። እሷም ዝም አለች፤ ዝም ያለችው ግን ስለ ፈራች ብቻ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ያመነውን እሷም ማመን ጀምራ ነበር። ያጠጣችው እሷ ባትሆንም፣ ትኩሳቱ ሲለቃት አይታ አልከለከለችም። ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ ስለ ወተቱ ታስባለች፤ ጠዋት የፋናን ክንድ ይዛ መርፌውን ስትሰካ ሐሳቧን ትለውጣለች።

«እማ፣ እኔን ያሳመመኝ ወተት ነው?» አለቻት ፋና አንድ ቀን።

«ክንድሽን አታንቀሳቅሺ።»

ዐቢይ ጾም ገባ። ጾም በመሆኑ በዚያ ቤት ወተት የሚቀምስ ሰው አልነበረም። ላሚቱ ግን ትታለባለች፤ ወተቱ ይናጣል፤ ቅቤው ለፋሲካ ገበያ እየተከማቸ በቅጠል ይጠቀለላል። ሕፃኑ የአብሽ ውኃና ቀጭን የገብስ አጥሚት ይጠጣል፤ የጠጣው ሁሉ ተቅማጥ ይሆንበታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድ ጊዜ በደጅ ስታልፍ፣ «ጡት ብቻ ነው አይደል የምትሰጪው?» ብላ ጠየቀቻት። ዓይናዲስ ልጁን በነጠላዋ ሸፈነችና «አዎ» አለች። እውነቱን ብትነግራት ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ዓይናዲስ ደግሞ ከበሽታ ይልቅ ጥያቄ መፍራት ተምራለች።

የልጁ ፊት እንደ ሽማግሌ ተጨማደደ። ማልቀስም ተወ፤ ሙሉዬ ይህን አይታ «ልጁ ጨዋ ሆነ» አለች። ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ሞተ። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ደጅ ላይ ሲነጋገሩ ዓይናዲስ ሰማቻቸው።

«ይኸኛውም በስኳር ነው አሉ።»

«ወተት ሰርቃ አጠጥታው ይሆናላ!»

አዝመራው በዚያው ሳምንት ቅቤውን ኩልመስክ አወጣው። ለበዓል ነበርና ጥሩ ዋጋ አወጣ።

በሁለት ሺህ ሰባት፣ ሣራ ተመልሳ መጣች። ጥናቱ አልቋል፤ ውጤቱን ለተጠየቁት ቤተሰቦች መንገርና ፋና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለች ማየት ግዴታዋ ነበር። በዚህ ጊዜ ደንቡን አልጣሰችም።

«እማሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ውጭ ይጠብቁን።»

እማሆይ አጉረመረሙና ማለቢያቸውን ይዘው ወጡ።

ሣራ በዝግታ አስረዳች። ስለ ቅቤውና ስለ ወተቱ የጠየቁት፣ ምናልባት የሚያያዝ ነገር ይኖር እንደሆነ ለማየት ነበር። በጠየቋቸው ቤቶች ግን የታመሙትም ጤነኞቹም ልጆች ቅቤውን ውጠዋል፤ ልዩነት አላገኙም። ምክንያቱን አሁንም አያውቁትም።

«ሙሉዬም አስውጣለች?» አለች ዓይናዲስ።

«የሌላ ሰው መልስ መናገር አልችልም። ግን በዚህ መንደር ከጠየቅናቸው መካከል ያልዋጠ አላገኘንም።»



«ታዲያ እኔን ለምን ጠየቃችሁኝ?»

«ስላላወቅን ነበር።»

ሣራ ብዕሯን አነሣች፤ የቀሯት ጥቂት ጥያቄዎች ነበሩ።

«ከፋና ሌላ ልጅ አለሽ?»

«ነበረ። ወንድ።»

«ነፍሱን ይማር። ምን አግኝቶት ነው?»

«ረሃብ።»

ሣራ ቀና አለች። ያለፉት ዓመታት ዝናብ የጣለባቸው እንደነበሩ ታስታውሳለች፤ ቃሉም ከቤቱ ጋር አልገጠመላትም።

«ላም አልነበራችሁም?»

ከበረቱ፣ ወተቱ ማለቢያው ውስጥ ሲንፎለፎል ይሰማ ነበር።

«አለችን» አለች ዓይናዲስ። «እሷው ናት። እንደገና ወልዳለች።»