የልጄ ጉልበትና የበናው ቦርኮቶ

በደርግ ጊዜ ነው። ልጄ በትምህርት ቤቷ ሩጫ አንደኛ ወጥታ አርባ ምንጭ ላይ እንድትወዳደር ተመረጠች። ከዚያ ወዲህ ጠዋትም ማታም ሩጫ ሆነ። አንድ ቀን ከጂንካ በላይ ካለው ዳገት እያነከሰች ወረደች።

«እማዬ፣ ጉልበቴ! ቁልቁለት ላይ ይብስብኛል።»

እኔ ልጅ ሲያስነጥስ ለቅሶ ቤት የሚታየኝ ሴት ነኝ። እግሯ ሲቆረጥ፣ በምርኩዝ ስትሄድ፣ የሚያገባት ስታጣ፣ ሁሉም ታየኝ። ጫማዋን እንኳ ገና አላወለቀችም።

ወዲያው ከለከልኳት። ሩጫ የለም፣ ውሃ መቅዳት የለም፣ መቆም የለም። ገበያ ሲመጣ እኛ ግቢ የሚያድር የበና ሰው የሰጠን ቦርኮቶ ነበረን፤ ወንዶቹ ቀን የሚቀመጡበት፣ ሲተኙ የሚንተራሱት፣ ከአንድ እንጨት የተጠረበ አጭር መቀመጫ። ብትወድቅም ለመሬት ቅርብ ናት ብዬ እሱ ላይ አስቀመጥኳት። ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እንደዚያ ሆና ቀኑን ሙሉ ቦሎቄ ትለቅማለች፤ እኔ ቅቤ እቀባታለሁ።

ማታ ስትነሳ «ወይኔ!» ትላለች። እኔም መነሳቱ ነው ያሳመማት ብዬ መነሳትም ከለከልኩ።

ጉልበቷ ባሰበት። በመጨረሻ አለቀሰች። «እማዬ፣ በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ ሊልኩ ነው።» ይሄኔ ደንግጬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ነርሷ የጉልበቷን ሎሚ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገችና «አጥንቷ ደህና ነው» አለች። «ሩጫውን ባንዴ አበዛችው፤ ጭኗ ገና አልጠነከረም። ቤትስ እንዴት ነው የምትቀመጠው?»

ደስ አለኝ። ያስመሰግነኛል ብዬ እዚያው ቁጢጥ ብዬ አሳየኋት። «እንዲህ! ቀኑን ሙሉ አሳርፋታለሁ።»

«እስቲ ይነሱ፣ እናቴ።»

ልነሳ ስል ጉልበቴ ቀጭ አለ። የጠረጴዛውን እግር ይዤ ቀረሁ። ልጄ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ሳቋን ዋጠች።

«አመመዎት? እሷን ቀኑን ሙሉ እንዲህ አጥፈው ነው ያስቀመጧት» አለች ነርሷ እየደገፈችኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ስለ ጉልበት ግን አንድ ቀንም አላስተማሩንም።

ትእዛዙ ቀላል ነበር። ስትቀመጥ እግሯን ዘርግታ፣ ጭኗን ጠበቅ አድርጋ ቀጥ እንዳለ ወደ ላይ ታንሳው። ቁልቁለት ይቅር፤ ሜዳ ላይ ትንሽ ትንሽ ትሩጥ፣ በማግስቱ ካላመማት ትጨምር።

ሜዳ ያለው አውሮፕላን ማረፊያው ነው፤ ከተማው መሀል፣ ላሞች የሚግጡበት ሣር። ብቻዋን አላምናት ብዬ እኔም ነጠላዬን አሸርጬ ከኋላዋ «ቀስ! ቀስ!» እያልኩ ሮጥኩ። አንዱ ከዳር ሆኖ «እማማ፣ አውሮፕላኑ አመለጠሽ እንዴ?» አለኝ። ማታ ማታ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተዘርግተን እግር እናነሳለን።

እያደር ሕመሙ ለቀቃት። አርባ ምንጭ የሚወስዳት መኪና ሲመጣ ሾፌሩን ለምኜ እግሯን የምትዘረጋበት ቦታ አስያዝኳት፤ ቦርኮቶውንም አቀበልኳት።

«ስትተኚ ለራስሽ ትራስ ነው» አልኳት። «እንዳትቀመጪበት!»

ስትመለስ መኪናው በደንብ ሳይቆም ከላይ ዘላ ወረደች። እኔ ጮህኩ። ስንተኛ ወጣሽ ሳልላት ተንበርክኬ ጉልበቷን ያዝኩ።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ እኮ! ተነሺ!»

መነሳቱ ነው ያቃተኝ።